ቱቦው እንግዳ ነው

ገዳሪፍ ላይ ሚያዝያ ሲጋመስ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ከጥላ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ጋሼና ሲስተር የተጨዋወቱት በዚህ ሰዓት፣ ከዲያሊሲስ (ከኩላሊት እጥበት) ክፍሉ ጀርባ ባለች የሣር ራኩባ ሥር ነው። ሻይ ቀርቧል፤ ጋሼ የኩላሊት ሕመምተኛ ናቸውና ውሃ ስለተመጠነባቸው የሚጠጡት ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ነው። የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ናቸው። በ1977ቱ ድርቅ ከወገራ በእግራቸው ወጥተው ድንበር ተሻገሩ፤ ኡም ራኩባ መጠለያ ሁለት ዓመት ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲህ ከገዳሪፍ እስከ ዶካ፣ ከዶካ እስከ ገላባት ባለው የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ያልፈቱት ፓምፕ የለም። ሲስተር ጎንደር ተምራ ካርቱም የሠራች የዲያሊሲስ ነርስ ናት፤ በሚያዝያ 2015 የሱዳኑ ጦርነት ሲነሣ ወደ ምሥራቅ ወጣች። ጨዋታው የተጀመረው ጋሼ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሲሰዱ ነው።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ እባክዎ እጅዎን ከቱቦው ላይ ያንሡ።

ጋሼ፦ ላብ ሲወርድበት ይበላኛል ልጄ። አልጎተትሁትም።

ሲስተር፦ እንዳልጎተቱት አውቃለሁ። ጣትዎ ላይ ያለው ጀርም ግን ቱቦውን ተከትሎ እስከ ደምዎ መግባት ይችላል። ይህን ስስ ፕላስተርም ለሙቀት ጊዜ አልወደውም፤ ሥሩ ላብ ይቋጥራል። በነገው እጥበት አንሥቼ በጎዝ እሸፍንልዎታለሁ።

ጋሼ፦ እንግዲያስ ዛሬ አንድ ነገር ታስረጂኛለሽ። አርባ ዓመት ቱቦ ስገጥም የኖርሁ ሰው ነኝ። የራሴ ደረት ላይ ምን እንደተገጠመ ግን ቁጭ ብሎ የነገረኝ የለም። መጀመሪያ የተኛሁበት ቦታ «ጊዜያዊ ነው» ብለው አንገቴ ላይ አንዱን ሰኩልኝ፤ ስድስት ሳምንት ቆየ፤ እጥበቱ ሲጀመር ብርድ ያንዘፈዝፈኝ ጀመር፤ ያንን አውጥተው ይህን አስገቡልኝ። ይህም ይኸው ስድስተኛ ወሩን ያዘ። ለምን ሁለት አፍ ሆነ? ለምን በአንገት ገብቶ በደረት ወጣ? የማላውቀውን ዕቃ ተሸክሜ መዞር ከብዶኛል።

ሲስተር፦ እውነትዎን ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሊነገርዎት የሚገባ ነበር። ይቆዩኝ፣ አንድ ላምጣ። (ገብታ ያልተከፈተ ጥቅል ይዛ ወጣች።) ጊዜዋ ያለፈባት ናት፤ ሰው ላይ አትገባም፤ ለማስተማሪያ ነው ያስቀረኋት። ከእርስዎ ጋር አንድ ዓይነት ናት።

ጋሼ፦ ፊደሉን አላነበውም፤ ሥዕሉን ግን እንደ ፓምፕ ካርቶን አነበዋለሁ። ይህች ፀሐይ አታሳዩኝ ትላለች። ዣንጥላና ጠብታዋ እርጥበት አታስነኩኝ ነው። የአሸዋ ሰዓቷ ማለቂያዋን ትናገራለች። ይህች በክብ ውስጥ የተሰረዘች 2 ቁጥርስ?

ሲስተር፦ «ሁለተኛ አትጠቀሙብኝ» ማለት ነው። ለአንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ። በትግራይ ጦርነት ጊዜ መቐለ ያለው የአይደር ሆስፒታል ሐኪሞች አቅርቦት ተቋርጦባቸው ለአንድ ጊዜ የተሠራውን የእጥበት ዕቃ ደግመው ለመጠቀም ተገድደው ነበር። ይህችን ቁጥር ባየሁ ቁጥር እነሱ ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

ጋሼ፦ አይ ጊዜ! ፀሐይዋስ? እዚህ አገር ፀሐይ የማታገኘው ምን ነገር አለ?

ሲስተር፦ የእኔም ጭንቀት እሱ ነው። ቱቦዋ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራች ናት። የተመረጠበት ምክንያት አለው። ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ጠንከር ትላለች፣ ስለዚህ ሳትታጠፍ ትገባለች፤ ሰውነት ውስጥ ስትደርስ በሙቀቱ ትለሰልሳለች፣ የደም ሥሩን ግድግዳም አትቧጭርም። ሐሳቡ ያማረ ነው። ነገር ግን የሠሩት ሰዎች የክፍል ሙቀት ሲሉ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ አስበው ነው። እኛ ዘንድ መብራት ሲጠፋ መጋዘኑ ከሰው ገላ ይበልጥ ይሞቃል።

ጋሼ፦ ውፍረቷ ስንት ነው?

ሲስተር፦ 14.5 ተብሎ ተጽፏል። መለኪያው ፍሬንች ይባላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ የነበረ ሻርየር የሚባል የሕክምና መሣሪያ ሠሪ ያወጣው ነው። ቁጥሩን ለሦስት ሲያካፍሉት ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ጋሼ፦ አምስት ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም፣ ያውም ውጭ ለውጭ። ለደም ሥር ብዙ ናት፤ ለፓምፕ ግን ቀጭን ናት። ለምን በእጄ ጀርባ እንደምትሰኳት ካኑላ አላደረጓትም?

ሲስተር፦ ማሽኑ የሚጠጣውን ያስቡ። በደቂቃ ወደ 300 ሚሊ ሊትር ደም ይስባል። በአራት ሰዓት 72 ሊትር ይሆናል።

ጋሼ፦ ከሦስት ጀሪካን ተኩል በላይ! ሰው ውስጥ ያን ያህል ደም አለ?

ሲስተር፦ ያለው አምስት ሊትር ገደማ ነው፤ ያው ደም አሥራ አራት ጊዜ ያህል ይመላለሳል። አረንጓዴዋ የእጅ ካኑላ በደቂቃ ወደ 100 ሚሊ ሊትር ታሳልፋለች፤ ያውም ወደ ውስጥ ስንሰጥ እንጂ ከውስጥ ስንስብ አይደለም። የእጅን ደም ሥር በማሽን ቢስቡት ይጣበቃል።

ጋሼ፦ ይህንንስ አውቀዋለሁ። ቱቦ በግማሽ ሲቀጥን ውሃው በግማሽ አይቀንስም፤ ጭራሽ ይጠፋል። አዲስ ገበሬ ዋጋው ረከሰልኝ ብሎ ቀጭን ጎማ ይገዛና ፓምፑ ተበላሸ ብሎ ይጠራኛል።

ሲስተር፦ ልኩን ልንገርዎ። በፈረንጆቹ 1840ዎቹ ፑዋዜይ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው በቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ለክቶ ያወጣው። የውስጡ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ የሚያልፈው ከአሥራ ስድስት እጅ አንዱ ብቻ ነው። ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ግን የሚቀንሰው በግማሽ ነው። ስለዚህ ካቴተር የምንላትን ይህችን ቱቦ የሚሠራ ሰው ትግሉ የፀጉር ያህል ስፋት ለማትረፍ ነው። ግድግዳውን ቢያሳሳው ይጨማደዳል፤ ቢያወፍረው ደሙ መንገድ ያጣል፤ ጠቅላላውን ቢያሰፋው የደም ሥሩን ይዘጋዋል።

ጋሼ፦ እስቲ ቁረጫትና ውስጧን አሳዪኝ። (በመቀስ ቆረጠችላቸው፤ ቁራጩን ወደ ብርሃን አዙረው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።) ሁለት ግማሽ ጨረቃ! አንዱን ቱቦ መሐሉ ላይ በግድግዳ ከፍሎታል። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ። ሁለት ክብ ቱቦ ጎን ለጎን ቢያስተኛ ኖሮ በመሐላቸው ያለው ቦታ ይባክን ነበር።

ሲስተር፦ በቀይዋ ይወጣል፣ በሰማያዊዋ ይመለሳል። ብዙ ሰው ቀይዋ ደም ወሳጅ ውስጥ የገባች ይመስለዋል። አይደለም፤ ሁለቱም ያሉት አንድ የደም መላሽ ሥር ውስጥ ነው። አሁን ጫፏን ይዩ።

ጋሼ፦ አንዷ አጠረች፣ አንዷ ረዘመች። ልዩነታቸው ሦስት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቆይ... የምትስበው አጭሯ ናት፣ የምትመልሰው ረጅሟ! ቦይ ላይ ፓምፕ ስተክል እኔም መሳቢያውን ከላይ፣ መመለሻውን ከታች ነው የማደርገው። አለዚያ የተፋሁትን መልሼ እስባለሁ።

ሲስተር፦ ቦዩ ወደ ልብ ነው የሚወርደው። አጭሯ ከላይ ሆና ያልታጠበውን ትወስዳለች፤ ረጅሟ ወደ ልብ ቀርባ የታጠበውን ትለቃለች። ከቀኝ አንገት የተገባውም ለዚሁ ነው፤ ከዚያ ወደ ልብ የሚወርደው መንገድ ቀጥ ያለ ነው። በግራ ሲሆን እየታጠፈ ስለሚሄድ ረዘም ያለ ቱቦ ይጠይቃል።

ጋሼ፦ ታዲያ ያን ሰሞን ማሽኑ ሲጮህ ቀዩንና ሰማያዊውን ለምን አገላብጠሽ ገጠምሽው?

ሲስተር፦ አዎ፣ አድርጌዋለሁ። ቀይዋ አልስብ ስትል የዚያን ቀን እጥበት ለማዳን እናገላብጣለን። ዋጋ ግን እንከፍልበታለን፤ ከታጠበው ደም ከፊሉ ተመልሶ ይሳባል፣ በሽተኛው አራት ሰዓት ተኝቶ እጥበቱ ሳይሞላለት ይነሣል። ስለዚህ ልማድ ሊሆን አይገባም። መሳቧን ያቆመችበት ምክንያት መፈለግ አለበት።

ጋሼ፦ ምክንያቱንስ እኔም እገምታለሁ። ገፊ ጎማ ለስላሳ ቢሆን ግድ የለም፤ ውሃው ራሱ ይነፋዋል። ሳቢ ጎማ ግን ውስጡ ሽቦ ከሌለው ይጨማደዳል፣ ካገኘው ነገር ጋርም ይጣበቃል። ጫፉ ላይ ደግሞ ጭቃ እንዳይደፍነው ማጥለያ እናስርለታለን። እነዚህ በጎኗ ያሉት ቀዳዳዎች ማጥለያዎቿ መሆናቸው ነው?

ሲስተር፦ አንዱ ግድግዳ ላይ ቢጣበቅ በሌላው እንዲስብ ነው የተበሱት። ሐኪሞች ግን ይከራከሩባቸዋል። ቀዳዳው ሲበሳ ጠርዙ ይሸካከራል፣ ደም ደግሞ ሸካራ ነገር ካገኘ እዚያው ይረጋል። ለዚህ ብለው ያለ ጎን ቀዳዳ የሚሠሩም አሉ። ከእርስዎ ሙያ የሚለየን ይህ ነው ጋሼ፤ ውሃ አይረጋም፣ ደም ይረጋል።

ጋሼ፦ ከእጥበት እስከ እጥበት ሦስት ቀን ውስጤ ስትቀመጥ ታዲያ እንዴት አልተደፈነችም?

ሲስተር፦ ይህችን ማጥበቂያ ይዩ። በቀይዋ 1.9፣ በሰማያዊዋ 2.0 የሚል ቁጥር አለ፤ የእያንዳንዷ ሆድ የሚይዘው ሚሊ ሊትር ነው። እጥበቱ ሲያልቅ ልክ ያን ያህል ሄፓሪን እሞላባታለሁ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት ማለቴ ነው። ባሳንሰው ጫፏ ላይ ደም ይረጋል፤ ባበዛው ወደ ደምዎ ይፈስና ያደማዎታል። በሚቀጥለው እጥበት መጀመሪያ እሱን ስቤ እደፋለሁ። ቁጥሯ ተፍቃ ከጠፋች እኔ የምሠራው በግምት ነው።

ጋሼ፦ መሐሏ ላይ ያለችው ነጭ ጨርቅስ? የተረሳች ፋሻ ትመስላለች።

ሲስተር፦ ከሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። ዳክሮን ትባላለች፤ ፖሊስተር ናት፣ የሸሚዝ ጨርቅ ዘር። ከቆዳዎ ሥር ትቀበራለች። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሥጋዎ በክሮቿ መሐል ይበቅልና አጥብቆ ይይዛታል። ቱቦዋ እንዳትንሸራተት ታስራለች፤ ከቆዳ ተነሥቶ በቱቦዋ ዙሪያ የሚሳበውንም ጀርም ትዘጋበታለች። በአንገት ገብታ በደረት የወጣችውም ጀርሙ ደም ሥሩ ጋ ለመድረስ ረጅም መንገድ እንዲጠብቀው ነው። የመጀመሪያዋ ቱቦዎ ይህች ጨርቅ አልነበረቻትም። ቆዳ ላይ በክር የተሰፋች ነበረች። እንዲህ ያለችው የምትበጀው ለቀናት፣ ቢበዛ ለሁለት ሳምንት ነው። እርስዎ ስድስት ሳምንት ከረሙባት።

ጋሼ፦ ብርዱም ከዚያ መጣ።

ሲስተር፦ ከዚያ መጣ። ማሽኑ ሲጀምር የሚያንዘፈዝፍ ብርድ ከያዘዎት፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ እኔ ከቱቦው ነው የምለው። አንድም ቀን እቤት ድረስ ተሸክመውት እንዳይሄዱ፤ እዚያው ይንገሩን።

ጋሼ፦ ከዶካ ስመለስ ሎሪ ላይ ሰው ገፍቶኝ ብትነቀልስ?

ሲስተር፦ የወጣችበትን ቀዳዳና አንገትዎ ላይ የገባችበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑ፤ ወዲያውም ይተኙ። ቁጭ እንዳይሉ። ቁጭ ብለው አየር ወደ ውስጥ ሲስቡ ያ የደም ሥርም አየር ይስባል፣ አየሩም ልብ ይገባል። እኔም ክዳኗን ስከፍት ማጥበቂያዋ መዘጋቱን ሁለት ጊዜ የማየው፣ አስተኝቼ የምሠራውም ለዚህ ነው። ከዚያ ደሙ ቢቆምም ባይቆምም ወደ ሆስፒታል።

(ጋሼ ጥቂት ዝም አሉ። የሻዩን ብርጭቆ ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።)

ጋሼ፦ «ጊዜያዊ» የምትለዋን ቃል እኔ በደንብ አውቃታለሁ። ኡም ራኩባ ስንገባ ጊዜያዊ ነው አሉን። ዝናቡ ሲመለስ እንመለሳለን ብለን ጎጆውን እንኳ አጥብቀን አልሠራነውም። ዓመት ዓመትን ወለደ። ጣቢያው ተዘግቶ ስንት ዘመን ካለፈ በኋላ፣ በኅዳር 2013 በሐምዳይት በኩል የተሻገሩትን ከትግራይ የመጡ ሰዎች ለማስፈር እዚያው መሬት ላይ እንደገና ድንኳን ተተከለ። የውሃ ፓምፕ ልጠግንላቸው ሄጄ ያው ቦታ ላይ ቆሜ አለቀስሁ። ጊዜያዊ የተባለ ነገር ማብቂያውን ቀን የሚጽፍለት ሰው ከሌለው እንዲሁ ነው የሚቀር።

ሲስተር፦ ቱቦዋንም የሠሯት እንግዳ አድርገው ነው። እንግድነቷን ጠብቃ ስትሄድማ ምን የመሰለች ናት! ባለፈው ክረምት አንድ የሰሊጥ ሠራተኛ ልጅ ከእርሻ ላይ እባብ ነድፎት አመጡት፤ መርዙ ደሙ እንዳይረጋ አደረገው፣ ኩላሊቱንም አቆመበት። አንገቱ ላይ መርፌ ማስገባት አስፈሪ ነበር፤ ቢደማ አጥብቆ ተጭኖ መያዝ ይከብዳል። ስለዚህ ማርከሻው ተሰጥቶት፣ ተጭነን መያዝ በምንችልበት በብሽሽቱ በኩል ጊዜያዊዋን አስገባንለት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሽንቱ መጣ። ቱቦዋን ነቅዬ ግማሽ ሰዓት ቦታውን ተጫንሁት፤ ጠባሳው የምስር ፍሬ አያህልም። ካቴተር የተሠራው ለዚያ ልጅ ነው። ለእርስዎ ግን ኩላሊቱ አይመለስም ተብሏል፤ እርስዎ የሚያስፈልግዎት የሚኖሩበት መንገድ ነው።

ጋሼ፦ የእጁን ቀዶ ጥገና ልታነሺ ነው።

ሲስተር፦ ላነሣው ነው። ግን መጀመሪያ የሚወዱትን ታሪክ ልንገርዎ። ለሕክምና የበቃውን የመጀመሪያ የኩላሊት ማሽን የሠራው ኮልፍ የሚባል ሐኪም ነው፤ በ1943 እ.ኤ.አ.፣ ሆላንድ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች። ዕቃ በጠፋበት ጊዜ የቋሊማ መጠቅለያ ስስ ሴሎፎን በእንጨት በርሜል ላይ ጠምጥሞ ሠራው። በርሜሉ እየተሽከረከረ ደሙ ሳይፈስ የሚያልፍበት መጋጠሚያ ሲቸግረው ደግሞ ዘዴውን ከየት ያገኘው ይመስልዎታል? ከፎርድ መኪና የውሃ ፓምፕ።

ጋሼ፦ ከፎርድ ፓምፕ! እኔ የፎርድ ፓምፕ መጋጠሚያ ስንቱን ቀይሬያለሁ! ያን ሰው ባገኘሁት።

ሲስተር፦ የመጀመሪያዎቹ በሽተኞቹ አልዳኑም፤ በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት ዳነች። ችግሩ ከማሽኑ አልነበረም፤ ወደ ደሙ የሚያስገባው መንገድ ነው የጠፋው። በእያንዳንዱ እጥበት አንድ የደም ሥር ይቆረጥ ነበር፤ ደም ሥሩ ሲያልቅ ሰውየው ያልቃል። ስለዚህ ማሽኑ የሚያድነው ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ የሚመለስለትን ሰው ብቻ ነበር። በ1953 ሴልዲንገር የሚባል ስዊድናዊ አንድ ዘዴ አመጣ፤ በመርፌ ይወጋል፣ በመርፌው ውስጥ ሽቦ ይሰዳል፣ መርፌውን ያወጣል፣ ቱቦውን በሽቦው ላይ አድርጎ ያስገባል። የእርስዎም የገባችው በዚያው ነው። ሥጋ መሰንጠቅ ቀረ። በ1960 ደግሞ አሜሪካ ሲያትል ውስጥ ስክሪብነር ከቴፍሎን የተሠራ ቱቦ በክንድ ላይ አኖረ፤ ከመጀመሪያዎቹ በሽተኞቹ አንዱ በእጥበት 11 ዓመት ኖረ። ከዚያ በ1966 ኒው ዮርክ ያሉ ብሬሻና ቺሚኖ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ቱቦውን ጨርሶ ተዉት። የሰውየውን የራሱን ደም ወሳጅ ከራሱ ደም መላሽ ጋር ሰፉት። ፊስቱላ ማለት እሱ ነው።

ጋሼ፦ እኔን የማያስማማኝም ይኸው ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለውን መስመር ከዝቅተኛው ጋር በቀጥታ ማገናኘት! መካኒክ እንዲህ ቢሠራ ይባረራል። ስሱ መስመር ይፈነዳል።

ሲስተር፦ ጎማ ቢሆን ይፈነዳ ነበር። ደም ሥር ግን ሕያው ነው። ግፊቱ ሲበዛበት ግድግዳውን ያወፍራል፣ ይሰፋል፣ ከቆዳ ሥር ጎልቶ ይወጣል። ያኔ በሁለት መርፌ እንደልብ ይሳባል፤ እጥበቱ ሲያልቅ መርፌው ይወጣና ሰውነት ላይ የሚቀር ነገር የለም።

ጋሼ፦ ክንዱ እንደ ገመድ የተቋጠረበትን ሰው አይቻለሁ።

ሲስተር፦ አይተዋል፤ አልዋሽዎትም። ያልበሰለ፣ የተዘጋ፣ ያበጠም አለ። አንዳንዱ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል። ለመብሰልም ቢያንስ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። የምቸኩለውም ለዚህ ነው፤ ቱቦዋ ደህና ሆና በምትሠራበት ጊዜ ካልተሰፋ፣ እሷ ስትደፈን መጠበቂያ ጊዜ የለንም። ያኔ ወደ ሌላው አንገት፣ ከዚያ ወደ ብሽሽት እንሄዳለን። በአንገት አጥንት ሥር እንዲገባ ደግሞ አልፈቅድም፤ እዚያ ያለው የደም ሥር ጠባሳ ይዞ ይጠብባል፣ ከጠበበ ያ ክንድ ለፊስቱላ አይሆንም። ሐጂ! እባክዎ ለአፍታ ይምጡልን።

(ከወድ መደኒ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ በሳምንት ሁለቴ ከጋሼ አልጋ ጎን ይተኛሉ። ሲስተር በዓረብኛ ጠየቀቻቸው፤ ሐጂ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ክንዳቸውን ለጋሼ ሰጡ።)

ሲስተር፦ ጣትዎን እዚህ፣ ከእጅ አንጓቸው ከፍ ብለው ያሳርፉ። አይጫኑ።

ጋሼ፦ ...ይንዘረዘራል። ልክ ዘይት ጠግቦ እንደሚሄድ ሞተር። ያለማቋረጥ!

ሲስተር፦ ያ ንዝረት እያለ መንገዱ ክፍት ነው። እሳቸው በየጠዋቱ ለጸሎት ሲታጠቡ ይዳስሱታል፤ አንድ ቀን ካጡት በዚያው ሰዓት ወደ እኛ ይሮጣሉ። ፊስቱላው የተሠራላቸው መደኒ ላይ ነው፣ ጦርነቱ ሳይመጣ። ታኅሣሥ 2016 ከተማዋ ስትያዝ በመኪናም በእግርም ወጡ። በዚያ ሰሞን ከመደኒና ከካርቱም ሸሽተው ከመጡልን መካከል ስንቱ ደረቱ ላይ በላብና በአቧራ የራሰ ፋሻ ነበረበት፤ ስንቱስ እዚህ ሲደርስ ብርድ ያንዘፈዝፈው ነበር። ሐጂ ግን ፋሻ የላቸው፣ ክዳን የላቸው፣ ሄፓሪን የላቸው፤ መንገዳቸውን ከቆዳቸው ሥር ይዘውት መጡ። ሱዳን ደግ አገር ናት፤ እጥበቱን በነፃ ስትሰጥ ኖራለች፤ በእኛ አገር ብዙው ሰው ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ጦርነት ግን ማሽንና መድኃኒቱን ያስጥላል። እኛን መሰል ሰው፣ ነገ ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ ሰው፣ ይዞት የሚሸሸው መንገድ ያስፈልገዋል።

(ጋሼ ጣታቸውን ከሐጂ ክንድ ላይ ሳያነሡ ቆዩ። ከዚያ «ሹክረን» ብለው ለቀቁ።)

ጋሼ፦ ቀጠሮው ማክሰኞ ነበር አይደል?

ሲስተር፦ ማክሰኞ ነው። ወረቀትዎ ላይ «ግራ ክንድ» ተብሎ ተጽፏል። ለዚያም ነው ግራ ክንድዎ ላይ ማንም መርፌ እንዳያሳርፍ የምከለክለው፤ ደም ሲቀዳ ሁልጊዜ ከቀኝ ነው።

ጋሼ፦ ግራ? እኔ እኮ ግራኝ ነኝ።

ሲስተር፦ ምን አሉ?

ጋሼ፦ ግራኝ ነኝ። መፍቻ የምይዘው በግራ ነው። ማን ጠየቀኝ?

ሲስተር፦ ጋሼ! እኔም አልጠየቅሁዎትም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ብዙ ሰው የሚሠራው በቀኙ ስለሆነ ግራው ይመረጣል። የእርስዎ ግራ እጅ እንጀራዎ ነው። ቀኝዎን ደግሞ ይኸው ወራት ሙሉ ስንወጋው ቆየን። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ የሁለቱንም ደም ሥር ይለካና እሱ ይወስናል፤ ግራኝ መሆንዎን ግን አስቀድሜ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ሁለቱም ክንድ አይነካም። ደም የሚያስፈልግ ከሆነ በእጥበት ቀን ከማሽኑ መስመር እወስዳለሁ፤ የግድ ሲሆን ብቻ ከእጅዎ ጀርባ።

ጋሼ፦ እኔ ብረሳ፣ ወይም ራሴን ስቼ ሌላ ቦታ ቢወስዱኝስ?

ሲስተር፦ ይጻፋል። (የጥቅሉን ካርቶን ቀደደች፤ በአንድ ወገን በአማርኛ፣ በጀርባው በዓረብኛ ጻፈች፤ በፕላስተር ለብዳ ከመታወቂያቸው ጋር ደረት ኪሳቸው ውስጥ አስገባችላቸው።) ኩላሊቱ ደከመ የተባለ የሚያውቁት ሰው ካለ፣ ገና ቱቦ ሳይገባለት፣ ለእሱም ይህንኑ ያስገልብጡለት።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦ «የኩላሊት ሕመምተኛ ነኝ። እባካችሁ በሁለቱም ክንዶቼ ላይ መርፌም ካኑላም አታስገቡ። የግድ ከሆነ ከእጄ ጀርባ። ደረቴ ላይ ያለው ቱቦ ለእጥበት ብቻ ነው፤ ከዲያሊሲስ ነርስ በቀር ማንም አይክፈተው። ግራኝ ነኝ።»